የሽፈራው ዱቄት፣ ሻይና ካፕሱል፦ ጎመንነቱን ወድጄዋለሁ፣ መድኃኒትነቱ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ

ለቸኮለ ሰው ፍርዱን ቀድሜ ልስጥ። ዱቄቱን ግዙት። ሻዩን የሣር ሽታ የማይረብሻችሁ ከሆነ ሞክሩት። ካፕሱሉን ግን ተዉት።

ሦስቱም የሚሠሩት ከሽፈራው፣ ማለትም ሞሪንጋ ከሚባለው ዛፍ ቅጠል ነው። የገዛኋቸው አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ የቅመማ ቅመምና የባህል መድኃኒት ሱቅ ነው። ሦስቱም የአንድ አምራች ናቸው። ስሙን አልጠራም። አንደኛ ጠብ አልፈልግም። ሁለተኛ ደግሞ መደርደሪያው ላይ የነበሩት የሌሎቹ አምራቾች ፓኬቶችም ጽሑፋቸው ከዚህኛው ጋር ቃል በቃል አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ማን ከማን እንደገለበጠ እንጃ። ሁሉም ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለ፣ ከሥሩ «በጥናት የተረጋገጠ» ይላል። የትኛው ጥናት? በማን ላይ? በስንት ሰው? እሱ የለም። ባለ ሱቁን ስጠይቀው «እህቴ፣ ጉግል አድርጊው፣ ሞልቷል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሞልቷል። ጉግል አደረግኩት፣ ይሄ ጽሑፍ የረዘመውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ዕቃው።

ዱቄቱ ደህና ነው። ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ደርቋል ማለት ነው። ፀሐይ የመታው ወይም ብዙ የቆየ ሲሆን ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ሽታውም የደረቀ ድርቆሽ ይሆናል። አፈጫጨቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዳንዴ የግንጥል (ቅጠሉን የሚይዘው ቀጭን ዘንግ) ስብርባሪ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ በወንፊት ማሳለፍ ይሻላል። ጣዕሙ መጀመሪያ የጎመን ነው፣ ቆይቶ ጉሮሮ ላይ ሰናፍጭ የምትመስል ቁጣ አለችው። አትገረሙ፤ በዕፅዋት ምደባ ሽፈራው ከጎመንና ከሰናፍጭ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፣ ያቺን ቁጣ የምትሰጠዋም እነሱ ውስጥ ያለችው ዓይነት ንጥረ ነገር ናት።

ጁስ ውስጥ አትጨምሩት። ይጓጉላል፣ ብርጭቆው ሥር ጭቃ ይሆናል። እኔ የወደድኩት ሽሮ ላይ ነው፦ ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ጣል አድርጎ ማማሰል። እንቁላል ፍርፍር ላይም ይሄዳል። ጎመን ላይ መጨመር ግን ጎመን ላይ ጎመን ነው፣ ምንም አልጨመረልኝም።

ሻዩ ቀለል ያለ ነው። ሎሚ ሲገባበት ይጠጣል። ነገር ግን ፓኬቱ «በብረትና በካልሲየም የበለጸገ» ሲል ሳቅ አለብኝ፤ ምክንያቱም ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ስታወጡት ቅጠሉ ከነፕሮቲኑና ከነአብዛኛው ማዕድኑ ከረጢቱ ውስጥ ቀርቶ ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል። የጠጣችሁት መዓዛውን ነው። መዓዛውም ክፉ አይደለም፣ እሱን ብሎ ለሚገዛ ሰው ቅሬታ የለኝም።

ካፕሱሉ እያንዳንዱ 500 ሚሊ ግራም ነው፣ በቀን 2 ይላል፣ 60 ፍሬ በብልቃጥ። ውስጡ ያለው ያው ዱቄቱ ነው፤ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ቀምሼዋለሁም። ሙሉው ብልቃጥ 30 ግራም ዱቄት ማለት ነው፤ ዋጋው ግን በግራም ሲሰላ ከዱቄቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የምትከፍሉት ለጄላቲኗ ነው።

አሁን ፓኬቱ ላይ ወዳለው ጽሑፍ።

«ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ» ይላል። ይቺ ቁጥር ብዙ አገር ዞራለች። ምንጯ የሆነውን የንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ፈልጌ ሳገኘው ስሌቷ ግልጽ ነው፦ 100 ግራም እርጥብ የሞሪንጋ ቅጠል 220 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አለው፣ ብርቱካን ደግሞ በ30 ተይዟል፣ ተካፍሎ 7። (ብርቱካን በሌሎች ሠንጠረዦች 50 አካባቢ ነው፣ እሱን እንተወው።) ችግሩ ያ የእርጥቡ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ቫይታሚን ሲው ይጠፋል፤ ያው ሠንጠረዥ ለደረቁ የሚሰጠው 17 ገደማ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ 100 ግራም አትበሉም። አንድ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ 8 ግራም ቢሆን፣ የምታገኙት ከአንድ ተኩል ሚሊ ግራም በታች ነው። አንድ ጭልፋ ቃሪያ ያለበት ሰላጣ ይበልጠዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ካልሲየሙ እውነት ነው። ያው ሠንጠረዥ ደረቁ ቅጠል በ100 ግራም 2000 ሚሊ ግራም ገደማ አለው ይላል፣ ስለዚህ አንዲት ማንኪያ 160 አካባቢ ታስገባላችሁ፤ ይሄ ከግማሽ ብርጭቆ ወተት ጋር ይቀራረባል። ሰውነት ሁሉንም ባይወስደውም ቀላል አይደለም። ፕሮቲን 2 ግራም ገደማ ይሆናል፣ የእንቁላል አንድ ሦስተኛ። በጾም ወቅት ሽሮ ላይ የምትገባ ማንኪያ ይሄን ካደረገች ጥሩ ናት፣ ለዚህ ብቻ እንኳ እገዛታለሁ። «300 በሽታ ይፈውሳል» የምትለዋን ግን... 300 በሽታ የሚፈውስ ቅጠል ቢኖር የሆስፒታል ወረፋ ምን እንደሆነ አናውቅም ነበር።

እሺ፣ ጥናቱስ?

እዚህ ጋ ዝርዝሩ ይጥማል፣ ታገሱኝ። መጀመሪያ ነገር ሽፈራው አንድ ዛፍ አይደለም። የእኛው፣ በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ የሚበቅለው፣ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ይባላል። ጋሞና ወላይታ ሃላኮ የሚሉት፣ ኮንሶ እርከኑ ላይና ግቢው ውስጥ የሚተክለው፣ ግንዱ ያበጠ፣ በደረቅ ወቅት እንኳ ቅጠል የማያሳጣ። ከኩርኩፋ (ከእህል ዱቄት ድብልብል) ጋር ተቀቅሎ የሚበላው ይሄ ነው። ሌላው ሞሪንጋ ኦሌፌራ ነው፣ አገሩ ህንድ፣ ከሂማሊያ ግርጌ፤ አሁን እኛም ጋ በየቦታው ተተክሏል። ሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ በኦሌፌራ ናቸው። የገዛሁት ፓኬት «የአርባ ምንጭ ንጹሕ ሽፈራው» ይልና ከታች በትንንሽ ፊደል ሞሪንጋ ኦሌፌራ ብሎ ይጽፋል። የቱን እንደገዛሁ እኔም አላውቅም፣ ባለ ሱቁም አያውቅም፣ እንደሚመስለኝ አምራቹም ግድ አልሰጠውም።

የእኛው ዛፍ ላይ የእኛ ተመራማሪዎች ሠርተዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናት የስቴኖፔታላ ቅጠል የውሃ ጭማቂ በማደንዘዣ የተኙ ጊኒ ፒጎችን የደም ግፊት ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። ስኳር ላይም አይጥ ይዘው የሠሩ አሉ፤ አይጡን በኬሚካል ስኳር ያስይዙታል፣ ከዚያ ጭማቂውን በአፉ ይሰጡታል፣ ደሙን ይለካሉ። አብዛኞቹ ሥራዎች በየቡድኑ 5 ወይም 6 አይጥ ይይዛሉ፣ ጊዜውም ሳምንታት ነው። እኔ ትንሽ ጥናት ነው ብዬ አልንቅም። ትንሽ ጥናት ማለት በሩን ማንኳኳት ነው። በጀቷ ጠባብ የሆነ አንዲት የማስተርስ ተማሪ በ30 አይጥ የሠራችው ሥራ ሐቀኛ ነው፤ መጨረሻው ላይም ሁልጊዜ «በሰው ላይ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብላ ትጽፋለች። ፓኬቱ ላይ የማይገለበጠው ዓረፍተ ነገር ግን እሱ ብቻ ነው። ንዴቴም እዚህ ላይ ነው፦ ወረቀቱ የማያውቀውን አላውቅም ይላል፣ ፓኬቱ አውቃለሁ ይላል።

አንድ ነገር አብረን እናስላ። አይጥ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ከሚባሉት መጠኖች አንዱ ለአንድ ኪሎ ክብደት 500 ሚሊ ግራም ጭማቂ ነው። የትንሿ አይጥ (የቤተ ሙከራ ማውስ) መጠን ወደ ሰው ሲዞር ባለሙያዎች በ12 ገደማ ያካፍሉታል፣ ምክንያቱም ትንሽ እንስሳ ሰውነቱ ነገሩን ቶሎ ያቃጥለዋል። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 2.4 ግራም ጭማቂ ይመጣል። ልብ በሉ፣ ጭማቂ ነው፣ ዱቄት አይደለም። ቅጠሉ በውሃ ወይም በአልኮል ተነክሮ፣ ተጣርቶ፣ ደርቆ የሚቀረው ነው፤ ከ10 ግራም ቅጠል እንደ አወጣጡ 1 ወይም 2 ግራም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ለ2.4 ግራም ጭማቂ ከ12 እስከ 24 ግራም ቅጠል ያስፈልጋል። በካፕሱል ሲመነዘር በቀን ከ24 እስከ 48 ፍሬ። ፓኬቱ 2 ፍሬ ነው የሚለው። በዚህ ሒሳብ ብልቃጡ ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም።

«አይጡን ተዪው፣ ሰው ላይም ተሠርቷል» የምትሉኝ አላችሁ። ተሠርቷል። ሁለቱን ልጥቀስ፣ ሁለቱም በኦሌፌራ ናቸው። በ2017 የታተመ የታይላንድ ጥናት የስኳር መድኃኒት ገና ያልጀመሩ 32 ታማሚዎችን ይዞ ለከፊሎቹ በቀን 8 ግራም የቅጠል ዱቄት በካፕሱል፣ ለቀሩት ማስመሰያ ካፕሱል ለ4 ሳምንት ሰጠ። የስኳር መጠናቸው ላይ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የደም ግፊት ላይ ትንሽ የመውረድ አዝማሚያ ታየ፣ ያውም የሚያስተማምን አይደለም። እንግዲህ 8 ግራም ማለት በእኛው ፓኬት 16 ካፕሱል ነው፣ ያ ሁሉ ተውጦ ስኳሩ ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ምግብ ነው። በ2018 የታተመ ነው፣ አልጄሪያ ውስጥ ባሉ የሰሃራዊ ስደተኞች ካምፖች የተሠራ። 17 ስኳር ያለባቸውንና 10 ጤነኞችን ወሰዱ፣ ለምግባቸው 20 ግራም የሞሪንጋ ዱቄት ጨመሩ፣ ከበሉ በኋላ ደማቸውን ለኩ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር ዝቅ ብሎ ተገኘ። 27 ሰው ነው፣ የአንድ ማዕድ ውጤት ነው፣ ለወራት ምን እንደሚሆን አይነግረንም። ግን 20 ግራም ሁለት ተኩል ሞላ ያለ ማንኪያ ነው፣ ሽሮ ላይ ሊገባ የሚችል መጠን ነው። ኮንሶ ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ማዕድ የሚበላው እርጥብ ቅጠል ከዚህ ጋር የሚርቅ አይመስለኝም። ለዚህም ነው ዱቄቱን ግዙ፣ ካፕሱሉን ተዉ የምለው፤ ጥሩ ውጤት የታየበት ጥናት እንኳ ሰውን ያበላው በማንኪያ ነው።

የሚያስቆጣኝን ደግሞ ልንገራችሁ። እማዬ ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ይሄን ለሻጩ ስነግረው «ይሄን ትጀምር፣ ቀስ ብላ ኪኒኑን ትተወዋለች» አለኝ፣ ፊቱ ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለም። ስንት እናት በዚህ ቃል ኪኒኗን እንዳቆመች ሳስበው ያመኛል። ቅጠሉ አይሠራም ብንል ኪኒን ማቆም ጉዳት ነው። ይሠራል ብንል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ በተለይ ግሊቤንክላሚድ (ሌላ የስኳር ኪኒን) ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ላይ ሲደረብ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል፣ ያ ደግሞ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስ መሳት ነው። እማዬ ዱቄቱን ሽሮዋ ላይ ትበላለች፣ ኪኒኗንም ትውጣለች፣ ሐኪሟም ያውቃል። እርጉዝ የሆናችሁ ቅጠሉን እንደ ጎመን መብላት ሌላ፣ ሥሩንና ቅርፊቱን መቀቀል ሌላ ነው፤ ሥርና ቅርፊቱ በባህልም ጽንስ ለማስወረድ የሚውል ስለሆነ አትጠጉት።

ሱቁ ሌላም ዕቃ አለው፣ ብዙ ሰው አያየውም። ደጃፉ ላይ በማዳበሪያ የተቀመጠ፣ ሸካራ፣ ግንጥል የበዛበት ቅጠል፣ «ለዶሮና ለከብት»። ይሄን ለአክስቴ ወሰድኩላት፣ ቢሾፍቱ ግቢዋ ውስጥ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏት። ከዕቃዎቹ ሁሉ በዋጋውም በሥራውም ያረካኝ እሱ ነው። ከመኖ ጋር ትንሽ ትንሽ ስታደርግላቸው ቆይታ የእንቁላሉ አስኳል ደመቀ፣ ደንበኞቿ «የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ነው እንዴ?» ማለት ጀመሩ። ተአምር አይደለም፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካሮቲኖይድ የሚባለው ቢጫ ቀለም ነው፣ አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክልም ቢሆን ያደርገዋል። እዚህ ላይ ግን ጥናቶቹ ከፓኬቱ ጋር አይጣሉም። ዶሮ ላይ የሚሠራ ጥናት ትንሽም ቢሆን አስተማማኝነት አለው፦ መኖው ይመዘናል፣ እንቁላሉ ይቆጠራል፣ ዶሮዋ «ተሻለኝ» ብላ አታስደስትህም። የሚሉትም ነገር ይመሳሰላል፤ በጥቂቱ ሲገባ አይጎዳም፣ አንዳንዴም ይጠቅማል፣ ከመኖው 10 በመቶ እያለፈ ሲሄድ ግን ብዙ ጊዜ የሥጋ ዶሮዎች እድገት ይቀንሳል፣ ቃጫው ይበዛባቸዋል።

ማዳበሪያው ላይ ግን እዚህም «ፈንግልን ይከላከላል» የሚል ተለጥፎበታል። እንግዲህ ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ግቢ ከገባ ያልተከተበ መንጋ በቀናት ውስጥ ሊፈጅ ይችላል፣ ክትባቱም ርካሽ ነው፣ እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል። አክስቴ ጽሑፉን አንብባ «ይሄን የጻፈው ሰው ዶሮ አርብቶ ያውቃል?» አለች። ዶሮዎቿ ተከትበዋል።

ፍሬውንም ይሸጣሉ፣ ለውሃ ማጥሪያ። እሱን አልገዛሁትም። ሥራው ግን የታወቀ ነው፤ ሱዳን ውስጥ በዓባይ ዳር ያሉ ሴቶች የተፈጨ ፍሬ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ በጥብጠው ጭቃው እንዲዘቅጥ ያደርጋሉ፣ ፍሬው ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው ደለሉን የሚሰበስበው። ውሃው ጠራ ማለት ግን ጀርም የለውም ማለት አይደለም። አፍሉት።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፦ ዱቄቱ ከ5 አራት፣ አንዷን የቀነስኩት ለግንጥሉና ለዛፉ ስም ነው። ሻዩ ሁለት ተኩል። የዶሮው አራት ተኩል። ካፕሱሉ አንድ፣ እሷም ብልቃጧ ለቅመም ስለምትሆን ነው።

አምራቹ ይሄን ቢያነብ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የትኛው ዛፍ እንደሆነ ይጻፍ። ቅጠሉ መቼ እንደተለቀመ ይጻፍ፣ የሚያበቃበት ቀን ብቻ ምን ያደርግልኛል። «በጥናት የተረጋገጠ» ከተባለ ጥናቱ ይጠቀስ፣ አይጥ ከሆነ አይጥ ይባል። ማንም በዚህ ምክንያት መግዛቱን አይተውም፣ እኔ ለምሳሌ አልተውኩም።

የምትገዙ ከሆነ በግልጽ ፕላስቲክ ታሽጎ መስታወት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን አታንሱ፣ ከጀርባ ያለውን በሉት። ቤት ስትደርሱ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ። ውጭ አገር ላሉ የምትልኩ ደግሞ ፋብሪካ ያሸገውን ላኩ፤ ስም የሌለው አረንጓዴ ዱቄት ኤርፖርት ላይ ማስረዳት አድካሚ ነው። ከአርባ ምንጭ ወይም ከኮንሶ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ግን ሱቅ አትሂዱ፣ ደውሉለትና ደረቁን ቅጠል እንዳለ ያምጣላችሁ፣ እቤት ውስጥ አሹት። ዋጋው የሱቁን ያህል አይደለም፣ ግንጥሉንም ራሳችሁ ትለቅማላችሁ።